ሰባተኛው ጠርሙስ

ዳኛው ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ነገር አልተዋቸውም፤ ቀጠሮ። የቤተሰቡን የእረፍት ሳምንት እንኳን በቀጠሮ ሸንሽነውት ነበር። ተራራው ላይ አምስት ትንንሽ ቢራ ጠማቂዎች አሉ። ሰኞ አንደኛውን፣ ማክሰኞ ሁለተኛውን እያሉ እስከ ዓርብ መጎብኘት፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ከተማ መመለስ ነው። አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው "ይግባኝ የሌለው ሽርሽር" ብለው ስም አውጥተውለታል።

ዳኛው ጠጪ ናቸው እንዳይባል አንዲት ብርጭቆ ይዘው ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ። ያሸቷታል፣ ወደ መስኮት አቅርበው ቀለሟን ያያሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ከዚያ "ብቅሉ ትንሽ አሯል" ወይም "ይቺ ገና ልጅ ናት፤ አንድ ወር ብትቆይ ኖሮ" ብለው ማስታወሻቸው ላይ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ ባዶውን ጠርሙስ ለምነው ይወስዳሉ። ማረፊያቸው ሲደርሱ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩና ወረቀቱ ሲላቀቅ አድርቀው፣ ሙጫ ቀብተው አልበማቸው ላይ ይለጥፉታል። ከአንድ ዓይነት አንድ ብቻ። አልበሙ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ከልጃቸው ቀጥሎ የሚሳሱለት ነገር እሱ ነው።

ልጃቸው አንድ ናት፤ የጥርስ ሐኪም። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። መጥሪያው ተበትኗል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ሙሽራውም አብሯቸው ተራራ ወጥቷል። ኢንጂነር ነው፤ ድልድይ ይሠራል። መኪናውን የሚነዳው እሱ፣ የእናትየውን ካፖርት የሚይዘው እሱ፣ ለዳኛው ባዶ ጠርሙስ የሚለምነውም እሱ ነው። እንከን ይውጣለት ቢባል፣ ቁም ነገር ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ከመጥረጉ በቀር ምንም አይገኝበትም። ሐኪሟ "ደስ ብሎሻል?" ሲሏት "አዎ" ትላለች። ውሸቷን አልነበረም፤ ምንም አልከፋትምና። ምንም ስሜት አልነበራትም።

ማደንዘዣ የወጋችውን በሽተኛ ሁሉ ስትሸኝ "አደራ፣ እስኪለቅዎት ድረስ ምግብ እንዳይበሉ፤ ጉንጭዎን ይነክሱና አያውቁትም" ትላለች። ሐሙስ ጠዋት በማረፊያው መታጠቢያ ቤት አፏን ስትጉመጠመጥ ውሃው ቀይ ሆኖ ወጣ። መስታወት ላይ አፏን ከፍታ አየች፤ የግራ ጉንጯ ውስጡ ተነክሶ ቆስሏል። እንደ ቆየም ያስታውቃል። መቼ እንደነከሰችው አታውቅም። ተጉመጥምጣ ጨረሰችና ለቁርስ ወረደች።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አንድ ቀን የከተማው ትልቅ ቢራ ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ የተሰበረ መንጋጋ ጥርሱን ይዞ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ጥርሱ የተሰበረው ጠርሙስ ሲከፍትበት ነው። እሷም መርፌውን ከወጋችው በኋላ፣ ቢራ ፋብሪካ እየሠራህ መክፈቻ አጣህ ወይ ብላ ቀለደችበት። አፉ ደንዝዟልና መመለስ አልቻለም። ከኪሱ የቢራ ጠርሙስ ወረቀት አወጣ፣ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አነሳ፣ ጀርባው ላይ ጻፈና ሰጣት፤ "መክፈቻው የአለቃዬ ነው።" እርሳስ የሚይዘው ፋብሪካ ውስጥ ሁሉ ነገር እርጥብ ስለሆነ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይፈሳል፣ እርሳስ ግን ውሃ አይፈራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእነሱ መሀል ደብዳቤ ማለት የቢራ ወረቀት ጀርባ ሆነ። አንድ የጫማ ካርቶን ሞልቷት ነበር።

ዳኛው ሲሰሙ አልጮኹም፤ "የቦይለር ሠራተኛ" የሚል ቃልም ከአፋቸው አልወጣም። ሁለቱን ሳሎን አስቀምጠው ፈረዱ። አንድ ዓመት አትገናኙ፣ አትደዋወሉ፣ አትጻጻፉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ያንኑ ካላችሁ እኔው እመርቃችኋለሁ አሉ። ፍቅረኛዋ ተነስቶ እሺ አለ። በሩ ላይ ሲሰናበታት፣ ዓመቱ ባለቀ ቀን እጽፍልሻለሁ፣ መልስ ካልመጣ ገባኝ ማለት ነው፣ ደጅሽን አላስቸግርም ብሏት ሄደ።

ዓመቱ አለቀ። ያን ሰሞን ሐኪሟ ሌላ ከተማ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ተልካ ነበር። ስትመለስ ሻንጣዋን ሳታወርድ ደብዳቤ መጥቷል ወይ ብላ ጠየቀች። አልመጣም ተባለች። ለምን አልደወለችም የሚል አንባቢ አይጠፋም። ስልኩን ስንት ጊዜ አንስታ አስቀምጣዋለች! ግን እጽፋለሁ ያለው እሱ ነው፤ ካልጻፈ ትቷል። የተወን ሰው ደግሞ "ለምን ተውከኝ" ብሎ መጥራት ቀላል አይደለም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷ ከአንጀቷ ፈልጋ አጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው።

ሐሙስ ቀጠሮው አራተኛው ጠማቂ ዘንድ ነበር። ድሮ የእንጨት መሰንጠቂያ የነበረ ረጅም ቤት ነው፤ ወለሉ እርጥብ፣ አየሩ የተቀቀለ እህል የሚሸት። ከውስጥ የጎማ ቦቲ ያደረገ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ሰው ወጣ። እናትየው የልጃቸውን ክንድ ጭምቅ አደረጉት። ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እሱ ነው። የቦይለር ሠራተኛው። ጎንበስ ብሎ ዳኛውንና እናትየውን ሰላም አለ፤ ለኢንጂነሩ እጁን ዘረጋ፤ ለእሷ "እንደምን አደሩ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ። እሷም ደህና ነኝ አለች። ልቧ ይመታ እንደሆነ አዳመጠች። እንደ ወትሮው ነው።

አስጎበኛቸው። ብቅሉን በመዳፋቸው ላይ በተን አደረገላቸው፣ የሚፈላበትን ጋን የሚያህል የብረት ድስት አሳያቸው፣ እርሾው የሚሠራበት ዕቃ ዘንድ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚህ በኋላ የጠማቂው ሥራ ዝም ብሎ መጠበቅ እንደሆነ፣ ምን ደረሰ እያሉ ክዳኑን የሚከፍቱት ሰዎች እንደሚያበላሹት ነገራቸው። ኢንጂነሩ ስለ ግፊቱና ስለ ቧንቧው ብዙ ጠየቀ፤ መልሱን ወደደው፣ ሰውየውንም ወደደው። ሐኪሟ የቦቲውን ጫፍ ታይ ነበር። ቀኝ እግሩ ላይ የተለጠፈ ጥገና አለው። ምን ነካው ብላ ለመጠየቅ አሰበችና ተወችው።

ለመቅመስ ሲቀመጡ ዳኛው ቀለል እንዲላቸው አልበማቸውን አወጡ። "ያንተንም ይዤልሃለሁ" አሉ ገጹን እየገለጡ። "ያን ጊዜ አንድ ሣጥን የላክልኝን። ወረቀቱ ግን የት እንደምትጠምቅ አይልም። እግዜር ይስጥልኝ ሳልልህ ቀረሁ።"

ልጃቸው ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስለ ሣጥን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ጠማቂው ገጹን አየ። ወረቀቱ በአራቱም ማዕዘን ተስተካክሎ፣ ጥብቅ ተደርጎ ተለጥፏል።

"ጋሼ፣ እንዴት አድርገው አነሱት?"

"በሙቅ ውሃ ነዋ። አሥር ደቂቃ ነክሮ፣ ከዚያ ሙጫ።"

"ሌሎቹስ? አሥራ ሁለት ነበሩ።"

"ከአንድ ዓይነት አንድ ነው የምይዘው። የቀረውን ከነጠርሙሱ ለጠርሙስ ሰብሳቢ ሰጠሁት።"

"ጀርባውን አላዩትም?"

"ጀርባው ላይ ከሙጫ በቀር ምን ይኖራል?" አሉ ዳኛው እየሳቁ። ውሃ ሲነካኩ መነጽራቸውን አያደርጉም።

ጠማቂው አልበሙን በቀስታ ዘጋና ሁለት እጁን ላዩ ላይ አሳረፈ። ምንም የለም፣ እንዲያው ነው አለ። ከዚያ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ እሷን አያት። ቂም መስሏት ስትጠብቀው የነበረው ነገር ዓይኑ ውስጥ አልነበረም፤ የነበረው የደከመው ሰው እፎይታ ነው፣ ሁለት ዓመት ተሸክሞ የከረመውን ሸክም ለማን እንደሚያወርድ ያላወቀ ሰው። እሷ ሁሉም ነገር ገባት። መግባቱን አወቀች እንጂ አልተሰማትም፤ የሚያስፈራትም ይኸው ነበር።

ከምሳ በኋላ በማረፊያው መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ገጹን ከአልበሙ በምላጭ ለየችው፣ የእጅ መታጠቢያውን ሳህን ሙቅ ውሃ ሞላች፣ ነከረችው። ሰዓቷን አይታ አሥር ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ ጥርስ በለመደ ጣቷ ወረቀቱን ከጠርዙ ጀምራ ላጠችውና ገለበጠችው። እርሳስ ውሃ አይፈራም። ከላይ በክብ ውስጥ "7" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤

"...ብዬ አልዋሽሽም። ብርዱ ክፉ ነው፣ ክፍሉም ጠባብ ነው። አባትሽን እንዳትቀየሚያቸው፤ እኔም ሴት ልጅ ብትኖረኝ አንድ ዓመት ሳይሆን ሁለት ነበር የምፈርደው። አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፣ እሱም"

ወረቀቱ እዚህ ላይ ያልቃል። ቀሪው ስምንተኛው ጠርሙስ ላይ ነበር፤ ስምንተኛው ደግሞ ከአሥሩ ወንድሞቹ ጋር ለሰብሳቢ ተሰጥቷል። አራት ጊዜ አነበበችው። እንባ አልመጣም።

"ልጄ፣ አልበሜን አይተሽ..." ብለው ዳኛው ብቅ አሉ። የተቆረጠውን ገጽ አዩ። እሷ ወረቀቱን በፎጣው ላይ እንዳለ ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡ፤ ከዚያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የዳኝነት ካባቸውን ካወለቁ ዓመታት ያለፉ ቢሆንም እንዲህ ተራ ሽማግሌ መስለው አይታቸው አታውቅም።

ሣጥኑ ሲመጣ "ለጋሼ፣ በአክብሮት" የሚል ካርድ ብቻ ነበረው ብለው ጀመሩ። ካርዱን ገልብጠው አይተዋል፤ የልጃቸው ስም የለበትም። ለእኔ ቢራ ልኮ እሷን ሰላም እንኳን ሳይላት ቀረ ብለው አዘኑ። ብነግራት ትጎዳለች ብለው ደበቁ። ደብዳቤ መጥቷል ወይ ስትል አልመጣም ያሏትም እውነታቸውን ነበር፤ ለእሳቸው ቢራ እንጂ ደብዳቤ አልመጣም።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ፈርጃለሁ" አሉ። "አንድም ቀን አንዱን ወገን ብቻ ሰምቼ አልፈረድኩም። በገዛ ልጄ ላይ ግን..."

"አውቃለሁ፣ አባዬ።"

"ተቆጪኝ እንጂ። ዝም አትበይኝ።"

"ሲመጣልኝ እቆጣለሁ" አለች። "አሁን አልመጣልኝም።"

ይህን ያለችው በትሕትና ነው። ዳኛው ግን ብትጮህባቸው ይመርጡ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኢንጂነሩ ከማረፊያው ፊት ለፊት የመኪናውን ጎማ ይመለከት ነበር። ከተሰበረው ጥርስ ጀምራ እስከ ሰባተኛው ወረቀት ሁሉንም ነገረችው። አላቋረጣትም። ስትጨርስ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

አምና ልደቷን መርሳቱን አስታወሳት፤ አልተቆጣችም። መኪናዋን አጋጭቷል፤ አልተቆጣችም። እናቱ በአደባባይ ሲናገሯት ፈገግ ብላለች። ትዕግሥት መስሎት እንደነበር ነገራት።

"ትዕግሥት አይደለም" አለች።

"አሁን ገባኝ። ድልድይ ስንፈትሽ ሲሚንቶውን በመዶሻ መታ መታ እናደርገዋለን። ድምፁ ከተለየ ውስጡ ለቅቋል ማለት ነው።" መሬት መሬት አየ። "አንቺ ላይ መዶሻውን ማንሳት ፈራሁ። ሠርጉ ይለፍና ብዬ።"

እሱ ዘንድ ስለምሄድ አይደለም አለችው፤ ምን እንደሚለኝም አላውቅም፤ እሱ ባይኖርም ግን እንዲህ ሆኜ ባገባህ በደልኩህ። ቀለበቱን አውልቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ጣቱን ዘግቶ ያዘው። ክፉ ቃል አልተናገረም፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና ምንም ያልነካውን መስታወት ከውስጥ በኩል በእጅጌው ይወለውል ጀመር። እሷ ውጭ ቆማ አየችው። ይህ ሰው ሊያሳምማት ይገባ ነበር። እንዲያማት ተመኘች።

ዓርብ ጠዋት ዳኛው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠሮ ሰረዙ። አብሬሽ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው አሏት። "መጀመሪያ የእኔ ይሰማ" አለቻቸው። ባለቤታቸው ከኋላ ሆነው፣ ዳኛም ተራውን ይጠብቅ እንጂ አሉና ሹራባቸውን አውልቀው ለልጃቸው አለበሷት።

ጠማቂው ከብረቱ ድስት ውስጥ ያለቀለትን ብቅል በአካፋ ያወጣ ነበር። እንፋሎቱ እስከ ጣሪያ ሞልቷል። ሲያያት አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

"ሰባተኛው ብቻ ነው የደረሰኝ" አለች። "እሱም ትናንት።"

ቀስ ብሎ፣ ሣጥኑን ከላከ በኋላ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እየወረደ ይጠይቅ እንደነበር፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ እንደተወው ነገራት። የቢራ ወረቀት ካየች ጀርባውን ሳታይ እንደማታልፍ አምኖ፣ ሣጥኑን ለክብራቸው በአባቷ ስም ልኮት ነበር። መልስ ካልመጣ ገባኝ ብሏልና እንዲገባው ታግሏል። ትናንት ቀለበቷን ሲያይ ገብቶት ነበር፤ አልበሙን ሲያይ ግን እንደገና ጠፋበት።

"ቀለበቱን መልሻለሁ" አለች። "ላንተ ብዬ ግን አይደለም። ላንተ ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም። የሚሰማኝ ነገር የለም፣ እውነቱን ልንገርህ። ብቻ 'እሱም' ይልና ያልቃል። ሳልሰማው መሄድ አልፈልግም።"

"ጥያቄው ስምንተኛው ላይ ነው።"

"ትዝ ይልሃል?"

"ሦስት ወር ነው የጻፍኩት።"

"እንግዲያው ከአንድ ጀምርልኝ። እንዳትዘል።"

ሁለት የቢራ ሣጥን ገልብጦ አንዱን ለእሷ አቀረበላት። እርሳሱን ከጆሮው አንስቶ በጣቶቹ መሀል ያዘውና ጀመረ። "አንድ። 'ጥርሴ ደህና ነው። እዚህ አለቃ የለብኝም፤ መክፈቻው የራሴ ነው።'" ዓይኑን ከእርሳሱ አልነቀለም። ሁለተኛው ስለ ቤቱ ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ የትኛው ድስት ከሥሩ እንደሚደረግ። ሦስተኛው የመጀመሪያ ጠመቃው እንዴት እንደተበላሸና ለብቻው ተቀምጦ እንዴት እንደሳቀ። አራተኛው ላይ ድምፁ ወረደ፤ ከእሷ ሌላ ለማን እንደሚያወራ ስላላወቀ ለቦይለሩ ማውራት እንደጀመረ ይናገራል። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሲል እሷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጥፋ ትሰማ ነበር። ቃላቱ ሁሉ ይገባሉ፤ ገብተው የሚያርፉበት ቦታ ግን አልነበረም።

ስድስተኛው "የምሰጥሽ ነገር ብዙ ነው..." ብሎ አለቀ።

"ሰባተኛው አንቺ ዘንድ ነው" አላት።

ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። ደርቋል፣ ጠርዙ ትንሽ ተኮማትሯል። "'ብዬ አልዋሽሽም'" ብላ ጀመረች። ድምፅዋ የበሽተኛ ካርድ እንደሚያነብ ሰው ደረቅ ነበር። "'ብርዱ ክፉ ነው፣ ክፍሉም ጠባብ ነው። አባትሽን እንዳትቀየሚያቸው'" ስትል አባቷን ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አየቻቸው፣ ኢንጂነሩን መስታወት ሲወለውል አየችው፣ ይህን ሰውዬ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ አየችው። "'አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ'" አለችና መንጋጋዋን እንደ ልማዷ ገጠመች።

ጉንጯን ነከሰች። ቁስሉ ላይ።

ሕመሙ እስከ ጆሮዋ ወጣ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንባዋ በጣቶቿ መሀል ወርዶ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ከዚያ መቁጠር የማይቻል ሆነ። እሱ ከሣጥኑ ላይ ብድግ አለ፣ ምን ሆንሽ ብሎ ሊይዛት።

"ቆይ" አለችው በተያዘ አፏ። "አንድ ጊዜ ቆየኝ። አመመኝ።"

ስምንተኛው ከንፈሩ ላይ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠና ጠበቃት፤ መጠበቅ እንደሆነ ያውቅበታል።